የሕያው ሕዋስን ልስላሴ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ መለካት

እ.ኤ.አ. በ1986 ገርድ ቢኒግ፣ ካልቪን ኩዌትና ክሪስቶፍ ገርበር ያስተዋወቁት አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ የሚሠራው በመዳሰስ በመሆኑ፣ ከናሙናው ቅርጽ በተጨማሪ ግትርነቱንም ለመለካት ያገለግላል። ናሙናው መስታወት ላይ የተጣበቀ ሕያው ሕዋስ ሲሆን ግን አብዛኛው ስሕተት የሚገባው ሕዋሱ ገና ሳይነካ ነው።

መጀመሪያ የሚመረጠው ካንቲሊቨሩ፣ ማለትም ናሙናውን የሚጫነው ቀጭን ተጣጣፊ ምላስ ነው። የስፕሪንግ ኮንስታንቱ፣ ማለትም ለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ፣ ከ0.01 እስከ 0.1 ኒውተን በሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከዚህ በጣም የጠነከረ ከሆነ ሕዋሱ ሲሰረጉድ ምላሱ ሳይታጠፍ ስለሚቀር የሚነበብ ምልክት አይገኝም። ከሹል ጫፍ ይልቅ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ሉል የተለጠፈበትን እመርጣለሁ፤ ሹሉ ሕዋሱን ሊወጋው ይችላል፣ ውጤቱም ከነጥብ ነጥብ ይዘላል።

ካሊብሬሽን፣ ማለትም የመሣሪያውን ምልክት ወደ ርቀትና ኃይል የሚቀይሩትን ቁጥሮች መወሰን፣ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ካንቲሊቨሩ ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ ሙቀቱ ከተረጋጋ በኋላ ባዶ መስታወት ላይ ተጭኖ፣ ለእያንዳንዱ ቮልት የምልክት ለውጥ ስንት ናኖሜትር እንደታጠፈ ይወሰዳል። የምላሱን መታጠፍ የሚያነበው ሌዘር በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ መንገዱ ስለሚለወጥ በአየር ላይ የተወሰደው ቁጥር እዚህ አያገለግልም። የስፕሪንግ ኮንስታንቱ ቀጥሎ ከምላሱ የሙቀት ንዝረት ይሰላል፤ ስሌቱ በፊተኛው ቁጥር ካሬ ስለሚካፈል፣ እዚያ 10 በመቶ ቢጎድል እዚህ ከ20 በመቶ በላይ ይተርፋል። በማሸጊያው ላይ የታተመው ቁጥር ግምት ብቻ ነው።

ከዚያ ሕዋሱ በ1 ናኖኒውተን ገደማ ኃይል፣ በሴኮንድ ጥቂት ማይክሮሜትር ፍጥነት ይጫናል። ሕዋስ ዝልግልግ ስለሆነ ፍጥነቱ ሲጨምር ግትር መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ከውጤቱ ጋር ይመዝገብ። ስርጉደቱ ከሕዋሱ ውፍረት ከ10 በመቶ ካለፈ የሥሩ መስታወት ግትርነት አብሮ ይለካል።

መስታወት ላይ የኃይሉ መስመር፣ ማለትም ምላሱ ሲወርድ ኃይሉ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳየው ግራፍ፣ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ሕዋስ ላይ ግን አግድሙ መስመር መቼ እንደተነሣ ሳይታወቅ ቀስ እያለ ሽቅብ ይሄዳል። የንክኪው ነጥብ ከእውነተኛው ዘግይቶ ከተመረጠ ስርጉደቱ አጥሮ ስለሚቆጠር ያንግ ሞጁለሱ፣ ማለትም የግትርነቱ መለኪያ፣ ያለአግባብ ያድጋል፤ ኮምፒውተሩ የመረጠውን ነጥብ በዓይን ማረጋገጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። መስመሩ በሄርትዝ ሞዴል (ከኃይሉና ከስርጉደቱ ግትርነትን በሚያሰላ ቀመር) ሲሰላ ፖይሰን ሬሾው (ሕዋሱ ሲጨመቅ ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚሰፋ የሚገልጸው ቁጥር) አብዛኛውን ጊዜ 0.5 ይወሰዳል። ነገር ግን ሉሉ ሲመለስ መስመሩ ከመነሻው በታች በጉልህ ከወረደ ሕዋሱ ተጣብቋልና፣ ማጣበቅን የሚያሰላ ሌላ ሞዴል ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ባዶው መስታወት ተመልሶ የመጀመሪያው ካሊብሬሽን ይደገም። ቁጥሩ ከጠዋቱ ጋር ካልገጠመ፣ ሌዘሩ ቦታውን ለቆ ወይም ሉሉ ላይ የሕዋስ ፍርስራሽ ተለጥፎ ሊሆን ስለሚችል፣ የቀኑ መስመሮች ሁሉ እንደገና ይመረመራሉ።