ላቡ ሳይደርቅ ተጫዋች መሸጥ፦ እኛ የአርሴ ደጋፊዎች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ አርሴን፣ ማለትም የእንግሊዙን አርሴናልን፣ የማየው ከብሎካችን ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና ሁለት ቴሌቪዥን አሉ። በሩ ላይ አንዲት እናት ቆሎና ሻይ ይሸጣሉ። ቅዳሜ 11 ሰዓት ጨዋታ ካለ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ካልገባህ ቆመህ ነው የምታየው። ቻምፒየንስ ሊግ ሲሆን ደግሞ ጨዋታው የሚያልቀው ወደ እኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት እኛ ሰፈር ባጃጅ እንኳ አይገኝም። ጅብ ስላለ አምስትም ስድስትም ሆነን በእግራችን እንገባለን። በወሬያችን ግማሹ ቡድን የሚሸጠው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ወሬ እወደዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከተማ ስንኳትን ውለን የምንገናኘው በእሱ ነው። ስለምወደውም በደንብ እንድናወራው እፈልጋለሁ። በችኮላ የምንፈርደው ፍርድ ተጫዋቾቹን ይበድላል፣ የኳሱንም ጣዕም ይወስድብናል። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አዲስ መጪን በሁለት ወር መፍረድ

ይህን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ካይ ሃቨርትዝ በ2023 ክረምት ከቼልሲ ሲመጣ ወደ 65 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት ተባለ። ሊጉ ተጀመረ፣ ሳምንታት አለፉ፣ ግብ ግን የለም። ኳስ በነካ ቁጥር እጮህ ነበር። “ይሄ ሁሉ ብር ውኃ በላው” እያልኩ ስንቱን ሰው አሰልችቻለሁ።

አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሁልጊዜ የተማሪ ደብተር ይዘው ነው የሚመጡት። ገጹን በማስመሪያ መሃል ለመሃል ይከፍሉታል። በግራ አሰላለፉን፣ በቀኝ የተቀየረውን ሰውና ደቂቃውን ይጽፋሉ። የተጎዳ ተጫዋች ካለ ከስሙ ጎን በቀይ እስክሪብቶ መስቀል ያደርጋሉ። አንድ ቀን ጩኸቴ ሲበዛባቸው ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። “እስቲ አንተ ልጅ፣ ይህ ሰው የት ቦታ ነው የተሰለፈው?” አሉኝ።

አየሁት። አማካይ ነው፣ በግራ በኩል። እኔ ስፈርድበት የነበረው እንደ አጥቂ ነው። ግብ አላገባም እያልኩ ስሳደብ፣ ሥራው በዋናነት ግብ ማግባት መሆን አለመሆኑን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሴፕቴምበር 30 ላይ በርንማውዝ ሜዳ ፍጹም ቅጣት ምት ተገኘ። ጓደኞቹ ኳሷን ለሃቨርትዝ ሰጡት። አስገባት። ሁሉም ሮጠው ሲያቅፉት ሳይ አፈርኩ። አብረውት የሚለማመዱት ሰዎች እኔ ያላየሁትን እንዳዩ ገባኝ። በ2024 መጀመሪያ ወራት ወደ ፊት መስመር ወጣ፣ ዓመቱንም በሊጉ 13 ግብ ይዞ ጨረሰ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቲየሪ ሄንሪ በ1999 ከጁቬንቱስ ሲመጣ ክንፍ ላይ ሲጫወት የኖረ ልጅ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ግብ አልቀናውም። ያን ዓመት በ26 ግቦች ጨረሰ። ከክለቡ ጋር ደግሞ 228 ደረሰ፣ የክለቡ ክብረ ወሰን ነው። ያኔ ቴሌግራም ቢኖር ኖሮ እስከ ጥቅምት ስንት ጊዜ እንሸጠው ነበር?

አሁን የራሴ ደንብ አለኝ። በአዲስ ተጫዋች ላይ እስከ ገና ድረስ አልፈርድም። የእኛን ገና ማለቴ ነው፤ ያኔ ሊጉ ተጋምሷል።

የሌለውን ሰው መርሳት

ሽንፈት ሲመጣ ዓይናችን የሚያርፈው ሜዳ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ማን የለም የሚለው ነው።

2022/23ን ያየ ሰው አይረሳውም። አርሴ ሊጉን ለ248 ቀናት መርቶ ዋንጫውን ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው። ማርች 16 ከስፖርቲንግ ሊዝበን ጋር በነበረው የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ ተከላካዮቹ ዊሊያም ሳሊባና ታኬሂሮ ቶሚያሱ ሁለቱም በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድተው ወጡ። ሳሊባ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተመለሰም። በቦታው ሮብ ሆልዲንግ ገባ። ሁለት ጨዋታ አሸነፍን፣ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ሊቨርፑል ላይ 2 ለ 0 መርተን 2 ለ 2፣ ዌስትሃም ላይም 2 ለ 0 መርተን 2 ለ 2፣ ከሳውዝሃምፕተን 3 ለ 3፣ በመጨረሻም በሲቲ 4 ለ 1።

ዲኤስቲቪ ቤቷ ውስጥ ስድቡ ሁሉ ሆልዲንግ ላይ ወረደ። እኔ ግን እስካሁን ድረስ በደል ነበር እላለሁ። ሳሊባ ፈጣን ነው፣ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ቢተውም ሮጦ ይደርሳል። ተከላካዩ መስመር ወደ ፊት የሚጠጋው እሱን ተማምኖ ነው። እሱ ሲወጣ መስመሩ ወደ ኋላ ሸሸ። መስመሩ ሲሸሽ አማካዮቹ የሚሸፍኑት ሜዳ ሰፋ። አንድ ሰው ሲጎድል የአራት ሰው ሥራ ይለወጣል። የጋሼ ደብተር ላይ ከማርች 16 በኋላ ባሉት ገጾች ሁሉ ከሳሊባ ስም ጎን ቀይ መስቀል አለ። እሳቸው ስለ ሆልዲንግ አንድም ክፉ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

ኦገስት 28 ቀን 2011 በማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) 8 ለ 2 የተሸነፍነውም እንዲሁ ነው። በቅጣትና በጉዳት ብዙ ሰው አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ፐር ሜርተሳከርና ሚኬል አርቴታ መጡ። ያ ያለቀለት የተባለ ቡድን ዓመቱን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በሃይላይት መፍረድ

መብራት እኛ ሰፈር መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። 30ኛው ደቂቃ ላይ ሄዶ 80ኛው ላይ ይመጣል። የቀረውን ማታ በስልካችን እናያለን፣ የሦስት ደቂቃ ቁራጭ። በዚያች ቁራጭ ተከላካይ የሚታየው ሲሳሳት ብቻ ነው፤ 87 ደቂቃ በትክክል የቆመበት ቦታ አይታይም። ሙሉ ጨዋታውን ካላየህ “አላየሁትም” በል። ነውር የለውም።

ዝውውርን እንደ መርካቶ ግዢ ማሰብ

“ብር አለን፣ ለምን አንገዛም?” የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይነሳል። ሦስት ነገር ይረሳል።

አንደኛው ምዝገባ ነው። የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ማስመዝገብ የሚችለው 25 ተጫዋች ነው። ከእነዚህ ውስጥ እዚያ አገር ያላደጉት ከ17 መብለጥ አይችሉም። ከ21 ዓመት በታች የሆኑት ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። “እዚያ ያደገ” ማለት ደግሞ እንግሊዛዊ ማለት አይደለም። 21 ዓመት ሳይሞላው በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ ሦስት የውድድር ዓመት የተመዘገበ ማለት ነው። ሴስክ ፋብሪጋስ ስፔናዊ ነው። በ16 ዓመቱ አርሴናል ስለገባ ግን እዚያ እንዳደገ ይቆጠር ነበር።

ሁለተኛው ሂሳቡ ነው። 50 ሚሊዮን የተከፈለበት ተጫዋች የ5 ዓመት ውል ከፈረመ፣ በመዝገብ ላይ በየዓመቱ የሚታየው 10 ሚሊዮን ነው። ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ሲሸጥ ደግሞ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። በ2024 ክረምት የአካዳሚያችን ልጅ ኤሚል ስሚዝ ሮው ወደ ፉልሃም ሲሄድ እኔም ሆዴ ባብቷል። የሸጡት ስለማይወዱት አልመሰለኝም። ሂሳቡን ቸል ያለ ምን እንደሚያገኘው በ2023/24 አይተናል፦ ኤቨርተንና ኖቲንግሃም ፎረስት ነጥብ ተቀንሶባቸዋል።

ሦስተኛው ቀላል ነው። ሻጩ ክለብ እምቢ ሊል ይችላል፤ ተጫዋቹም እንዲሁ።

የቤቲንግ ትኬት ቆርጦ ማየት

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ቤቲንግ የቆረጠ ሰው ስለ አሰላለፍ የሚናገረውን አልሰማም። “አንድ ጨዋታ በላኝ” እያለ የሚነድ ልጅ በረኛውን ሲረግም፣ የሚያወራው ስለጠፋው ብሩ ነው። ሰፈራችን ውስጥ የቤት ኪራይ በዚህ የጠፋባቸው ልጆች አውቃለሁ። ኳሱን ለብቻው እንየው።

ቂም መያዝ

ኦክቶበር 27 ቀን 2019 ግራኒት ዣካ ከክሪስታል ፓላስ ጋር በነበረው ጨዋታ ሲቀየር የራሱ ደጋፊ ጮኸበት። እሱም መለሰ። አምበልነቱን አጣ። እኛም ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሆነን ከሎንዶኖቹ ጋር አብረን ጮህን፣ ዳግም ማሊያውን እንዳይለብስ ተመኘን።

ሊሄድ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ አሰልጣኝ ሆኖ የተመለሰው አርቴታ አስቀረው። በ2022/23 ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ተጫውቶ በሊጉ 7 ግብ አገባ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጀርመኑ ሌቨርኩሰን ሄደ። ሌቨርኩሰንም የጀርመኑን ሊግ፣ ቡንደስሊጋውን፣ አንድም ሳይሸነፍ ወሰደ። ከእኛ ቤት አንዳንዶቹ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ይሰድቡት ነበር። ያ ያስከፋኛል።

አሰልጣኙ ሁሌ ምርጫ እንዳለው ማሰብ

በ2025 መጀመሪያ ሁላችንም አጥቂ ይገዛ ብለን ጮህን። የጥር መስኮት ያለ አጥቂ ተዘጋ። ገብርኤል ጄሱስ በጉልበቱ፣ ቡካዮ ሳካ በጡንቻው ወጥተው ነበር። ከዚያ የክንፍ አጥቂው ማርቲኔሊ ተጎዳ፣ ሃቨርትዝም ዱባይ ልምምድ ላይ ተጎዳ።

ፌብሩዋሪ 15፣ በእኛ 9 ሰዓት ተኩል፣ ከሌስተር ጋር ነበርን። 0 ለ 0። በ69ኛው ደቂቃ ሚኬል ሜሪኖ ገባ፣ አማካዩ፣ አጥቂ ሆኖ። ቤቱ በማጉረምረም ተሞላ። 81ኛው ላይ በጭንቅላቱ አገባ። 87ኛው ላይ ደገመ። በደስታ አግዳሚው ተገለበጠ፣ የሻይ ብርጭቆ ተሰበረ። “አጥቂ ለምን አስፈለገ?” የሚል ሰው ወዲያው ተገኘ።

በሳምንቱ ከዌስትሃም ጋር ሜሪኖ በዚያው ቦታ ከመጀመሪያ ጀምሮ ተሰለፈ። በሜዳችን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ጋሼ ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ። በጥር የጮህነው ጩኸት ልክ ነበር፣ አጥቂ ጎድሎናል። አርቴታ ደግሞ በእጁ ካለው ውስጥ የሚችለውን አውጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው።

ክረምት ላይ አጥቂው ቪክቶር ዮኬሬስ መጣ። ኦገስት 17፣ እሁድ ምሽት፣ ኦልድትራፎርድ ላይ 1 ለ 0 አሸነፍን፤ እሱ ግን ግብ ሳያገባ ተቀይሮ ወጣ። ከኋላችን አንድ ልጅ “ይሄም አይረባም፣ ይሸጥ” አለ። የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ጋሼ ዞር ብለው አላዩትም። የልጁን ስምና ቀኑን በአዲሱ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ገና ሲደርስ ሊያነቡለት።