የቤትዎን ካሜራ ሌላ ሰው እያየው ከሆነ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ጥርጣሬ ሲገባዎት መጀመሪያ መኝታ ቤት፣ ሳሎን ወይም የልጆች ክፍል ያለውን ካሜራ ከሶኬት ይንቀሉ። የሪሴት ቁልፉን (መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው የሚመልሰውን) ግን ገና አይንኩ። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ሪሴት የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ስለሚያጠፋ ማን እንደገባ የሚያሳየው ማስረጃም አብሮ ይሄዳል።

ካሜራው በራሱ ይዞራል ወይም ይናገራል

መብራት ሄዶ ሲመጣ ተዟዟሪ ካሜራ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህ ጤናማ ነው። ሰው ሲያልፍ ተከትሎ የሚዞርም አለ። አፑ ውስጥ እንቅስቃሴ መከታተያውንና በሰዓት የሚዞርበትን ፕሮግራም ያጥፉና አንድ ቀን ይጠብቁ። መብራት ሳይጠፋ አሁንም ከዞረ ሌላ ሰው እያዞረው እንደሆነ ይቁጠሩት። የማያውቁት ድምጽ ከተሰማ ግን ምርመራም አያሻውም።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ለኢሜይሉም፣ ለፌስቡኩም፣ ለካሜራውም ያገለገለ አንድ ፓስወርድ ነው። ከሌላ ድረ ገጽ የሾለከ ዝርዝር በፕሮግራም እየተሞከረ አካውንቱ ይከፈታል። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሰርጎ ገቦች ሪንግ በተባሉ የቤት ካሜራዎች በኩል ልጆችን ሳይቀር ሲያናግሩ የተሰማው በዚሁ መንገድ ገብተው ነው።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። በቅድሚያ አካውንቱ የተከፈተበትን የኢሜይል ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ኢሜይሉ በሌላ ሰው እጅ ካለ የካሜራውን ፓስወርድ መልሶ ይቀይርብዎታል። ቀጥሎ የካሜራውን ይቀይሩ፤ ከ12 ፊደልና ቁጥር አይነስ። ከዚያ አካውንቱ ውስጥ የገቡትን ስልኮች ዝርዝር ከፍተው ሁሉንም ያስወጡ፤ ቀድሞ የገባ ስልክ ፓስወርዱ ተቀይሮም ማየቱን ሊቀጥል ይችላል። በመጨረሻ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብሩ።

አፑ «ካሜራው በሌላ አካውንት ተመዝግቧል» ይላል፤ ወይም እርስዎ «ተጋሪ» እንጂ ባለቤት አይደሉም

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ይህ ነው። የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ለማፋጠን ካሜራውን በራሱ ስልክ መዝግቦ ለእርስዎ አጋርቶ ይሄዳል። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ሳሎንዎ ግን ስልኩ ውስጥ ቀርቷል፣ ስልኩን የሰረቀው ሰውም ያየዋል። የራስዎን ፓስወርድ መቶ ጊዜ ቢቀይሩ የእሱን መግቢያ አይነካውም።

ሪሴትም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ካሜራዎች ላይ ምዝገባው የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ነው። ባለሙያው እፊትዎ ካሜራውን ከአፑ ይሰርዝ፤ ካልተገኘ ተለጣፊው ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥርና የግዢ ደረሰኙን ይዘው ለአምራቹ ድጋፍ ክፍል ያመልክቱ። ከዚያ የሪሴት ቀዳዳውን ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ተጭነው ኪውአር ኮዱን በራስዎ ስልክ ያንሱ።

አዲስ አበባ ያለውን የወላጆቹን ቤት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚከታተል ልጅም ፓስወርድ ለወንድም ለእህት አያድል፤ በየስማቸው ያጋራ፣ ሲያስፈልግ አንዱን ነጥሎ ማስወጣት ይቻላል። የቤት ሠራተኛዋም ካሜራ እንዳለ ትወቅ።

ዲቪአሩ (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀርጸው ሳጥን) ላይ የማያውቁት ተጠቃሚ አለ

ምክንያቱ የፋብሪካው ስምና ፓስወርድ «አድሚን» እና «12345» ሳይቀየሩ ፖርት (ከኢንተርኔት ወደ መሣሪያው የሚያስገባ ባለቁጥር በር) መከፈቱ ነው፤ በተለይ 80፣ 554፣ 8000 ወይም 37777። አሮጌ ፈርምዌርም (መሣሪያው ውስጥ ያለው ዋና ሶፍትዌር) አለ፦ በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የካሜራ አምራቹ የሂክቪዥን የደህንነት ክፍተት ያለምንም ፓስወርድ ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ያስረክብ ነበር።

ለመፈተሽ በቤቱ ዋይፋይ ሆነው የውጭ አይፒ አድራሻዎን (ቤትዎ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይመዝግቡ፣ ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍተው በሞባይል ዳታ ያንን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ይጻፉ። የዲቪአሩ መግቢያ ከመጣ ለማንም ይመጣል ማለት ነው። ሌላ ፖርት ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ገጹ አለመምጣቱ ብቻውን አያረጋግጥም። ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርዲንጉን (ከውጭ የመጣን ጥሪ ወደ ዲቪአሩ የሚያሳልፈውን ቅንብር) ይሰርዙ፣ ዩፒኤንፒን (መሣሪያዎች በራሳቸው ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደውን) በራውተሩም በዲቪአሩም ያጥፉ፤ አንዱ ብቻ ከጠፋ በኋላ ሌላው ሲነካካ ፖርቱ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ባዕዱን ተጠቃሚ ፎቶ አንስተው ይሰርዙት። ፈርምዌሩን ከአምራቹ ገጽ በሞዴል ቁጥሩ አውርደው ይጫኑ፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ መሣሪያው ሊሞት ስለሚችል በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሁን።

ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ጥቅሉም ቶሎ ያልቃል

በሰከንድ 1 ሜጋቢት ያለማቋረጥ የሚልክ ካሜራ በቀን 10.8 ጊጋባይት ይበላል። በሜሞሪ ካርድ ብቻ የሚቀርጽና ማንም የማያየው ካሜራ ይህን ያህል ከላከ ወይ ተመልካች አለው፣ ወይ ለሌላ ጥቃት ተመልምሏል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ 60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ብቻ እየሞከረ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን በብዛት ወሯል። መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ ቫይረሱ ይወጣል፤ ፓስወርዱ ካልተቀየረ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ራውተሩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ገመድ ነቅለው፣ ካሜራውን አጥፍተው አብርተው ፓስወርዱን ከቀየሩ በኋላ ብቻ ያገናኙት።

ካሜራውን ሊሸጡት ከሆነ መጀመሪያ ከአካውንትዎ ይሰርዙት፣ ቀጥለው ሪሴት ያድርጉት፤ ሜሞሪ ካርዱ ከእርስዎ ጋር ይቅር።