ቅጠሉ አልነጣ፣ መሐሉ ቦግ አለ፦ የኢንፍራሬድ ካሜራ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ላየ ሰው አረንጓዴ የሌለበት አቅጣጫ የለም። ቡናው፣ ከቡናው በላይ ጥላ የሚሰጠው ሰሳና ዋንዛ፣ በየጓሮው ሙዙና እንሰቱ። ይህ ሁሉ ቅጠል ዓይናችን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲነሳ የጥጥ ማሳ ይመስላል። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። ካሜራቸውን አስለውጠው በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው ቁም ሳጥን ውስጥ ለሚያስቀምጡትም የማዝነው ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ በአጭሩ እንግባባ። የካሜራ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ ከሲሊከን የተሠራ ነው። ሲሊከን እስከ 1100 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ገደማ ያያል፤ የእኛ ዓይን ግን 700 አካባቢ ላይ ያበቃለታል። ቀለም እንዳይዛባ ፋብሪካው ሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድን የሚያግድ ፊልተር ያስቀምጣል። ካሜራ ተለወጠ የሚባለው ይህ ፊልተር ወጥቶ በምትኩ ለምሳሌ የ720 ናኖሜትር ፊልተር (በግምት ከዚያ በላይ ያለውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) ሲገባለት ነው። በምትኩ ንጹሕ መስታወት ከገባ ፉል ስፔክትረም ይባላል፤ ያኔ ካሜራው ምን እንደሚያይ የሚወስነው ሌንሱ ላይ የምታስሩት ፊልተር ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፎቶው ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ካሜራውን በከፈተው ባለሙያ ላይ ነው። እኔ ያየሁት ችግር ግን አብዛኛው የተገኘው ሌንሱ፣ ቅንብሩ ወይም ብርሃኑ ላይ ነው። ስለዚህ ብሎን ለመፍታት አትቸኩሉ። ባትሪው ወጥቶ እንኳ የፍላሹ ካፓሲተር ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ያልለመደ እጅ እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም።

ፎቶው ሁሉ ቀይ ነው

ይህ ብልሽት አይደለም። በ720 ፊልተር የሚያልፈው ብርሃን ከሁሉ አብልጦ የሚመታው የሴንሰሩን ቀይ ቻናል (ቀዩን ቀለም የሚመዘግበውን ክፍል) ነው፤ ካሜራው አውቶ ላይ ሆኖ ይህን ማረም አይችልም። ፀሐይ ያረፈበት ሣር ፈልጉ፣ ፍሬሙን በሣሩ ብቻ ሞልታችሁ አንሱ፣ ከዚያ ፎቶ ላይ ከስተም ዋይት ባላንስ (ነጩ የቱ እንደሆነ ለካሜራው የሚነግረውን ቅንብር) ውሰዱ። ቀጥሎ የምታነሱት ዛፍ ስክሪኑ ላይ ነጥቶ ይመጣል።

ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ተመልሶ ከቀላ ሶፍትዌሩ ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የቴምፕሬቸሩ (የቀለም ሙቀት) መለኪያ 2000 ላይ ይቆማል፤ ኢንፍራሬድ ደግሞ ከዚያ በታች መውረድ ይፈልጋል። በራው (ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፤ ከዚያ በአዶቢ ዲኤንጂ ፕሮፋይል ኤዲተር ለካሜራችሁ የራሱን ፕሮፋይል ሥሩለት። ከለር ማትሪክስ በሚለው ገጽ ላይ የዋይት ባላንስ ካሊብሬሽኑን ቴምፕሬቸር ወደ ኔጌቲቭ 100 ስባችሁ አስቀምጡት። አንድ ጊዜ ከተሠራ ለዘለቄታው ያገለግላል። ሰማዩ ሰማያዊ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ፎቶሾፕ ላይ በቻናል ሚክሰር ቀዩንና ሰማያዊውን ቻናል አለዋውጡ። የ850 ፊልተር ያለው ሰው ግን ቀለም ፍለጋ አይድከም፤ እሱ ለጥቁርና ነጭ ነው፣ በጥቁርና ነጭ ደግሞ የሚስተካከለው የለም።

መሐሉ ላይ ክብ ብርሃን ቦግ ይላል

ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በዚህ ነው፤ እኔም አልቅሼበታለሁ። ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማንሳት በጠዋት ወጥቼ ነበር። የእንጨቱ ሰገነት ከነዝርዝሩ ጥርት እንዲልልኝ ብዬ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 16 ላይ አደረግሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ከሰገነቱ መሐል ላይ ነጣ ያለ ክብ ቁጭ ብሏል። የእንጨቱ መስመር እዚያ ጋ ሲደርስ ይደበዝዝና ክቡን አልፎ እንደገና ይጠራል። ዳር ዳሩ ጤነኛ ነው። ፊልተሩ በትክክል አልተቀመጠም ብዬ ባለሙያው ዘንድ ልወስደው ነበር። በማግስቱ ከካሜራው ጋር የመጣውን ተራ ዙም ሌንስ ገጥሜ ያንኑ ሰገነት አነሳሁ፤ ክቡ የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሌንስ መስታወት ላይ የሚቀባው ነጸብራቅ የሚቀንስ ኮቲንግ የተሠራው ለሚታየው ብርሃን ነው። ኢንፍራሬድ ሲገባ ከመስታወት መስታወት፣ ከሌንሱ የውስጥ ግድግዳና ከሴንሰሩ ጋር እየተላተመ መሐል ላይ ይከማቻል። አፐርቸር በጠበበ ቁጥር፣ ማለትም የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ መጠን፣ ክቡ ጎልቶ ይወጣል።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌንሱን ወደ ወጥ ግድግዳ ወይም ሰማይ አዙሩና በኤፍ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11 እና 16 አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ክቡ ከቁጥሩ ጋር እየጎላ ከሄደ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፤ ኤፍ 5.6 ወይም 8 ላይ ሥሩ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት አታድርጉ፣ ሌንሱ ፊት ጥላ የሚሰጥ ሁድ አድርጉ። እጃችሁ ላይ ያለውን ሌንስ ሁሉ በዚህ መንገድ ፈትኑ፤ ከጓደኛም ተዋሱ። ዋጋው ምንም አይነግራችሁም፤ ውዱ ሌንስ ወድቆ ርካሹ ሲያልፍ አይቻለሁ። ክቡን በኋላ በሶፍትዌር ማጨለም ይቻላል፤ ነገር ግን መሐሉ ላይ ቀለሙም ስለሚለወጥ ሙሉ በሙሉ አይድንም።

ፎከሱ አይይዝም

ካሜራችሁ ውስጡ ምስሉን የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ከሆነ ፎከስ የሚለካው ሌላ ክፍል ነው፣ ፎቶውን የሚይዘው ሌላ። መለኪያው በሚታየው ብርሃን ያነጣጥራል፣ ሴንሰሩ የሚይዘው ኢንፍራሬድ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚሰበሰበው። ላይቭ ቪው ላይ (ምስሉን በስክሪኑ እያያችሁ) አድርጋችሁ ሥሩ፤ ያኔ ፎከሱን ራሱ ሴንሰሩ ይለካዋል። ያ የሚያንጸባርቅ መስታወት በሌለው ሚረርለስ ካሜራ ላይ ይህ ችግር እምብዛም የለም። በድሮ የማንዋል ሌንሶች ላይ ከፎከስ መስመሩ አጠገብ ያለችው ቀይ ምልክት ለዚሁ የተሠራች ናት፦ ፎከስ ካደረጋችሁ በኋላ የተገኘውን ርቀት ወደ ቀዩ ምልክት ታዞሩታላችሁ።

በላይቭ ቪው፣ በየትኛውም ሌንስ፣ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ተዙሮ ሩቅ ያለው ነገር ካልጠራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከኮረብታው ላይ ሆናችሁ የከተማውን ጣሪያዎች ሞክሩ። እነሱ ካልጠሩ የገባው መስታወት ውፍረት ከወጣው ጋር አልተመጣጠነም ማለት ነው። ይሄኛው በትክክል ወደ ባለሙያው የሚያስመልስ ነው።

የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ቀልቷል

ፉል ስፔክትረም ካሜራውን ለሠርግ ሁለተኛ ካሜራ ያደረገ ሰው የሚደርስበት ነው። ከሙሽራውና ከሚዜዎቹ ፎቶ ላይ ጠጋ ብላችሁ ስታዩ የሙሽራው ኮት የሸክላ ቀለም ይዟል፣ የአንዱ ሚዜ ሐምራዊ ሆኗል፣ የሌላው ጥቁር እንደሆነ አለ፣ ጫማቸው ጥቁር ነው። ሁሉም ግን በአካል ጥቁር ለብሰው ነበር። የጥቁር ጨርቅ ማቅለሚያ የሚውጠው የሚታየውን ብርሃን ነው፤ በተለይ ሲንቴቲክ ጨርቅ ኢንፍራሬዱን መልሶ ያንጸባርቃል፣ እንደ ጨርቁ ዓይነትም መጠኑ ይለያያል። ስለዚህ አንዱን ኮት በኮምፒውተር ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። መፍትሄው አንድ ብቻ ነው፦ ሌንሱ ላይ ዩቪንና ኢንፍራሬድን የሚያግድ ፊልተር ማሰር። ከሠርጉ በፊት ጥቁር ልብሶችን መስኮት አጠገብ ሰቅላችሁ በቀን ብርሃን አንሱና አረጋግጡ። የሰው የአንድ ቀን ደስታ በእጃችሁ ነው፤ ፊልተሩ ከሌላችሁ ያንን ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ።

ቅጠሉ ግራጫ፣ ሰማዩ ነጭ ነው

ቅጠል በኢንፍራሬድ የሚነጣው ክሎሮፊል ይህን ብርሃን ስለማይውጠውና የቅጠሉ የውስጥ ሴሎች በትነው ስለሚመልሱት ነው። ክስተቱ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1910 እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ባሳተመው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በሮበርት ውድ ስም ነው። ቅጠሉ እንዲመልሰው ግን መጀመሪያ ፀሐይ ሊያርፍበት ይገባል። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ሳለ ካሜራውን አትውቀሱ። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ስለሚጠራ ሰማዩ ይጠቁራል፣ የተበታተነው ደመና ይነጣል። ለሌላ ፎቶ የምንሸሸው የቀትር ፀሐይ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ።

የጠራ ውኃ ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ ይጠቁራል። ቦዬ ረግረግ ሄዳችሁ ውኃው ግራጫ ከሆነባችሁ ጎርፍ ያመጣው ጭቃ ነው፤ መጠበቅ ነው።

ቅጠሉ ከመንጣት አልፎ ዝርዝሩ ከጠፋ ብርሃኑ በዝቷል። የካሜራው መለኪያ የተሠራው ለሚታየው ብርሃን ስለሆነ አትመኑት፤ የቀዩን ቻናል ሂስቶግራም (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) አይታችሁ ቀንሱ።

ቤት ውስጥ ጨለማ ይሆናል

ኤልኢዲ አምፖል ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል። ዓይናችሁ የደመቀ ክፍል ሲያይ ካሜራው ባዶ ያያል። መስኮት፣ ሃሎጅን ወይም ፍላሽ ተጠቀሙ። ቡና ሲፈላ ብታነሱ የከሰሉ ፍም ደምቆ ይወጣል፣ ረከቦቱ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ይህ ማለት ግን ካሜራው ሙቀት ያያል ማለት አይደለም። የሰውነት ሙቀት የሚያሳዩት ካሜራዎች የሚሠሩት ከ8000 እስከ 14000 ናኖሜትር ባለው ክልል ነው፤ ሴንሰሩም ሌላ ነው። ፍሙ የሚታየው እጅግ ስለጋለ ነው።

ነጠብጣብና ጭጋግ

በአንዳንድ ካሜራ ላይ አቧራ የሚያራግፈው መንቀጥቀጫ የተያያዘው ከወጣው ፊልተር ጋር ነበር፤ አሁን የለም። ኤፍ 16 ላይ ሰማይ ስታነሱ የሚታየው ነጠብጣብ የዚህ ውጤት ነው። በእጅ በሚጨመቅ ጎማ መንፊያ አውጡት፤ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። ነጠብጣቡ ከቦታው ካልተነቃነቀ አቧራው ከመስታወቱ ሥር ገብቷል፣ ባለሙያ ይክፈተው። ፎቶው በጠቅላላ ከደበዘዘ ደግሞ ሌንሱን በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አብሩና የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ፈልጉ። በዚህ እርጥበት ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ መክረም ሻጋታውን መጋበዝ ነው፤ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት፣ ጄሉንም ሲረጥብ ለውጡት።