ልቦለድ ላይ ንግሥት ስታነግሡ ተጠንቀቁ

የጀማሪ ደራስያንን ረቂቅ ሳነብ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሴት የነገሠችበት ታሪክ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ ግን እዚያው የለመድኩት ቦታ ላይ ይሰናከላሉ።

ንግሥቲቱ ታዛለች፣ ይፈጸማል። «ይታሰር» ስትል ይታሰራል። «ጦሩ ይዝመት» ስትል ይዘምታል። የሚያስረው ማን ነው? ጦሩስ የማን ነው? ስንቁን ማን ቻለ? በቅርቡ ባነበብኩት ረቂቅ፣ አንዲት የ19 ዓመት ንግሥት አባቷ በሞቱ ማግስት ሦስት መኳንንት ሻረች። አንድም ሰው አልተነፈሰም! እባካችሁ፣ ዙፋን ላይ መቀመጥ ሌላ፣ አገር መግዛት ሌላ ነው።

ንግሥት ዘውዲቱን እዩ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። ከጎናቸው ግን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ በእንደራሴነት አሉ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ትልቅ ጦር ይዘዋል። ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። የጣይቱ ወገን በጓሮ በር እንዳይመለስ የፈሩት መኳንንት ከባላቸው ለዩአቸው። ዘውዱን ያገኙት ትዳራቸውን ከፍለው ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም በተባለው ቦታ ጦርነት ላይ ወደቁ። የወጋቸው በንግሥቲቱ ዘውድ ስም የዘመተ ጦር ነበር። ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። ይህን እያወቃችሁ «አዘዘች፣ ተፈጸመ» ብላችሁ ስትጽፉ ያንገበግበኛል።

«የእኔ ዓለም ፈጠራ ነው» አትበሉኝ። ዘንዶ የሚበርበት አገርም ግብር የሚሰበስብና በር የሚጠብቅ ሰው አለው።

ጥንካሬዋን ሁሉ ሰይፍ ላይ አትጫኑት። እኔም የመጀመሪያ ድርሰቴ ላይ ይህንኑ አድርጌያለሁ፤ ንግሥቴ በየምዕራፉ አንገት ትቀላ ነበር። እቴጌ ጣይቱን እያወቅኩ ይህን ማድረጌ ዛሬም ይቆጨኛል። መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ያስጨነቀው የውሃው ምንጭ መያዙ ነው፤ ምክሩም የእሳቸው ነበር። አንድ የውሃ ምንጭና የተጠማ ምሽግ ከአሥር የሰይፍ ግጥሚያ የበለጠ ታሪክ ይወጣቸዋል።

ማክዳን አክሱም ሐውልት ሥር አታቁሟት፤ በመካከላቸው ከሺህ ዓመት በላይ አለ።

ማዕረግም አትደባልቁ። ጣይቱ የንጉሥ ሚስት ሆነው እቴጌ ተባሉ፤ ዘውዲቱ በራሳቸው ነገሡ። ምንትዋብም እቴጌ ነበሩ፤ ግን ልጃቸው የጎንደሩ ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ እሳቸውም ዘውድ ጭነው ገዝተዋል። ፖላንዶች በ1384 እ.ኤ.አ. ያድቪጋን በንጉሥ ማዕረግ ነው ያነገሧት። የእናንተ አገር ምን ብሎ እንደሚጠራት ገና ሳትጀምሩ ወስኑ።

ደግሞ ባላንጣዎቿ ሁሉ ለምን ወንዶች ይሆናሉ? ኢያሱ ሲሞት ትንሹ ኢዮአስ ነገሠ። አያቱ ምንትዋብ ሥልጣኑን ለመያዝ ቋረኞች ዘመዶቻቸውን አሰለፉ። እናቱ ውቢትም የኦሮሞ ወገኖቿን ጎንደር አስገባች። አማትና ምራት በአንድ ልጅ ዙፋን ተፋጠጡ። መሀል የገባው የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ሆነ፤ ኋላ ኢዮአስን ያስገደለውም እሱ ነው።