ዲፍረንሻል ከተቀየረ በኋላ የዳይኖ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ ሾፌር ዲፍረንሻል ስለ መቀየር ማሰቡ አይቀርም። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ አጭር ነው፤ ዳገቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወስዳል። በ3.9 ዲፍረንሻል ቦታ 4.3 ሲገባ (ቁጥሩ ጎማዎቹ አንዴ ሲዞሩ ወደ ዲፍረንሻሉ የሚገባው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው) መኪናው ቀለል ብሎት ይወጣል። "የፈረስ ጉልበቱ ጨመረ" የሚባለው ያኔ ነው። አልጨመረም፤ ይህንንም ዳይኖ፣ ማለትም ጎማው በሮለር (በሚሽከረከር ከበሮ) ላይ እየዞረ ጉልበቱን የሚለካው ማሽን፣ ያሳያል።

መጀመሪያ የገባውን ቁጥር ራሳችሁ እወቁ፤ በሻጭ ወሬ አትመኑ። ማርሹን ዜሮ አድርጉ። መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙና የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ፤ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ጠንካራ መደገፊያ ከሥር አስገቡ። ጎማውን 20 ዙር አዙሩ። ጓደኛችሁ ወደ ዲፍረንሻሉ የሚገባው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠር። ሌላኛው ጎማ ስለቆመ ዘንጉ የሚዞረው በግማሽ ነው፤ ስለዚህ 39 ከሆነ 3.9 ነው፣ 43 ከሆነ 4.3። ሎክ (ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስር) ላለው ዲፍረንሻል ይህ አይሠራም። ፊትና ኋላ የሚጎትት መኪና ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ዲፍረንሻል ቁጥር እኩል መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ካምቢዮውን ትጨርሱታላችሁ።

አሁን ወደ ዳይኖው። ከቅያሬው በፊትም በኋላም በአንድ ማርሽ ለኩ፤ በብዙ ባለ 5 ማርሽ መኪና 4ኛው ይመረጣል። ጎማው ያው፣ የጎማው ንፋስም ያው ይሁን። ቦታውንም አትቀይሩ፤ ደሴ ላይ አየሩ ከኮምቦልቻ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ይደክማል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ ዳይኖ የሞተሩን ዙር የሚያሰላው ከሮለሩ ፍጥነትና ከተሞላለት የዲፍረንሻል ቁጥር ነው። 4.3 ገብቶ ማሽኑ ላይ 3.9 ከቀረ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ የዞረ ይመስለዋል። ቶርኩንም (የማዞር ኃይሉንም) 10 በመቶ ያህል አጋኖ ይጽፋል። ስለዚህ አዲሱን ቁጥር ማስሞላት አትርሱ።

በቁጥር እንየው። ሞተሩ በ3,000 ዙር 200 ኒውተን ሜትር ይስጥ፣ ማርሹም አንድ ለአንድ ይሁን። በ3.9 ጎማው ጋ ቶርኩ 780 ይደርሳል፣ ጎማውም በደቂቃ 769 ጊዜ ይዞራል። በ4.3 ቶርኩ 860 ይሆናል፣ ዙሩ ግን ወደ 698 ይወርዳል። ሁለቱን አባዙ፤ ውጤቱ አንድ ነው፣ ወደ ፈረስ ጉልበት ሲቀየር 84 ገደማ (ከሞተሩ እስከ ጎማው የሚባክነውን ሳንቀንስ)። ከባድ ሮለር በማሽከርከር የሚለካ ዳይኖ ላይ እንዲያውም ጉልበቱ ትንሽ ቀንሶ ቢታይ አትደንግጡ። ሞተሩ አሁን ቶሎ ቶሎ ዙር ስለሚጨምር፣ ከጉልበቱ የተወሰነው የራሱን ፍላይዊል (አብሮት የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ለማፍጠን ይውላል።

የፍጥነት ቆጣሪው ከካምቢዮ የሚያነብ ከሆነ 100 ሲል በእውነት 91 ገደማ ናችሁ፤ እሱንም አስተካክሉ። በእኔ እምነት ቅያሬው የሚያዋጣው ሐረጎን ለሚመላለስ ጭነት መኪና ነው። ሥራው ወደ ከሚሴ ሜዳ ለሆነ ሰው፣ በዚያው ፍጥነት ሞተሩን 10 በመቶ አብልጦ ማዞር ነው ትርፉ።