እንሽላሊትና እስስት የሚኖሩበት ቦታ ምን ያህል ውኃ እንደሚያስወጣ እንዴት ይለካል?

በጥር ፀሐይ፣ ጅማ ዙሪያ ባለ ቡና ጥላ ሥርና አጠገቡ ባለ የድንጋይ ካብ ላይ ያለው ድርቀት ለየቅል ነው። ተሳቢ እንስሳ በቆዳው፣ በትንፋሹና በዓይኑ ውኃ ስለሚያጣ ማደሪያ ሲመርጥ ሙቀትንም ድርቀትንም ያመዛዝናል። ሙቀቱን ቴርሞሜትር ይነግርዎታል፤ ድርቀቱን ለማወቅ ግን እየደረቀ የሚቀልል ነገር መመዘን ያስፈልጋል።

4 ግራም አጋር-አጋር (ከባሕር አረም የሚሠራ ማርጊያ ዱቄት)፣ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 20 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠርዙ ቀጥ ያለ ትሪ፣ ወርቅ ቤቶች የሚይዙት ዓይነት እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛንና ለቡና ማድረቂያ አልጋ የሚነጠፍ የሽቦ ወንፊት ቁራጮች ያዘጋጁ። አጋር-አጋሩን በጄላቲን አይተኩት፤ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል። አጋር-አጋር አንዴ ከረጋ እስከ 85 ዲግሪ ገደማ ይችላል።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው እያማሰሉ 2 ደቂቃ ያፍሉት። በእንፋሎት የጎደለውን በፈላ ውኃ ወደ 200 መልሰው ትሪው ላይ ያፍስሱ። ሲረጋ 8 በ2 ሳንቲ ሜትር አድርገው 10 ቁራጭ ያውጡ፤ እያንዳንዱ 16 ግራም ገደማ ይሆናል። መጠናቸው ከተለያየ ንጽጽሩ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሁለት ሁለቱን በአራት ቦታ ያስቀምጡ፦ ካቡ አናት ላይ፣ በዚያው ካብ ስንጥቅ ውስጥ፣ በጥላ ዛፍ ሥር ከረገፈ ቅጠል በታች፣ ቡና ቅርንጫፍ ላይ በ1.5 ሜትር ከፍታ። ሁሉም ወንፊት ላይ ይቀመጥ፣ ከነወንፊቱም ይመዘን። በቀጥታ መሬት ላይ ከዋለ ደረቅ አፈር ውኃውን ይመጠዋል፤ የሚጣበቅበት አፈር ደግሞ ክብደት ይጨምራል። የቀሩትን ሁለቱን ክዳኑ በሚገጥም ምሳ ዕቃ ጥላ ውስጥ ያቆዩ። እነዚህ ከ0.1 ግራም በላይ ከቀነሱ ወይ ሚዛኑ ወይ ክዳኑ ችግር አለበት።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ፣ ንፋስ በማያገኘው ቦታ ይመዝኑ። ከ15.90 ወደ 14.30 የወረደ ቁራጭ በሰዓት 0.80 ግራም አጥቷል። ጉንዳን የቆረሰውን ወይም ዝናብ ያገኘውን ይጣሉ።

ይህ ቁጥር የቦታው የማድረቅ ጉልበት እንጂ የእንሽላሊቱ ጥማት አይደለም። እንስሳው ከጄሊው እጅግ ያነሰ ውኃ ነው የሚያጣው። ብዙ ሰው ቅርፊቱ ውኃ ይይዛል ብሎ ያስባል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን በቆዳው ውስጥ ያለው ስብ ነው።

የትኛው ቦታ ስንት እንሽላሊት እንዳለ ለማወቅ ቆጠራውን በዚያው ሰዓት፣ በየቦታው 20 ደቂቃ ቀስ ብለው እየተራመዱ ያድርጉ። ጠዋት ብቻ የቆጠረ ሰው ይሳሳታል፤ እንሽላሊት ያኔ ካብ ላይ የሚወጣው ፀሐይ ለመሞቅ ነውና። ቀትር ላይ ወዴት እንደገባ ይዩ። እስስትን ማታ በባትሪ መፈለግ ይቀላል፤ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ ነጣ ብላ ትታያለች። (የሚፈራት ብዙ ነው እንጂ መርዝ የላትም።) ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይክተቱ። ድንጋይ ሲያነሡ ከወዲያኛው ጠርዝ በቆልማማ ዱላ ወደ ራስዎ ያንሡት፤ እባብ ካለ ድንጋዩ ይከልልዎታል። ከዚያ እንደነበረ ይመልሱት፤ ክፍተት ከቀረ ሥሩ ይደርቃል።

ሐምሌ ላይ ዝናብ የሌለበትን ቀን ጠብቀው ይድገሙት። በካቡ አናትና በስንጥቁ መካከል ያለው የድርቀት ልዩነት ጠቦ እንሽላሊቶቹ ቀትር ላይም አናቱ ላይ ከቆዩ፣ ጥር ላይ ወደ ስንጥቁ ይነዳቸው የነበረው አንዱ ነገር ድርቀት ሳይሆን አይቀርም። የሁለቱን ወራት የቴርሞሜትር ንባብም አብረው ያስተያዩ፤ የቀትሩ ሙቀት እኩል ካልሆነ የነዳቸው ሙቀት ይሁን ድርቀት መለየት አይቻልም።