ሸክላ፣ ካሴትና ሲዲ ለምትሰበስቡ፦ ሽፋኑን አታበላሹት

ድሮ የካርቶን ሽፋን ያለው ሲዲ ካየሁ ዓይኔ ሌላ ነገር አያይም ነበር። ዛሬ ያቺን ቶሎ የምትሰነጠቅ የፕላስቲክ ሳጥን እመርጣለሁ። ፒያሳ አካባቢ ዕቃ ሲገዙ የማገኛቸው ወጣት ሰብሳቢዎች ግን አሁንም በሽፋን ይታለላሉ። እነዚህን ነገሮች ብትጠነቀቁ ጥሩ ነው።

አንደኛው፣ በውበት ብቻ መምረጥ ነው። ዲጂፓክ የሚባለው የካርቶን ሽፋን ሲገዙት ያምራል። ሲውል ሲያድር ጠርዙ ይላጣል፤ ሲዲውን መሃል ላይ የሚይዙት ጥርሶች ይረግፋሉ። መያዣው ካርቶኑ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ በቀላሉ አይቀየርም። የፕላስቲኳ ሳጥን ብትሰበርስ? ከማትፈልጉት ሲዲ ላይ ሳጥን ወስዳችሁ ወረቀቶቹን ማዘዋወር ነው።

ሁለተኛው ይብሳል፦ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ሳጥኑን ከነወረቀቱ መጣል። ሳጥኑ 10 ሚሊ ሜትር ግድም ስለሚወፍር መደርደሪያ ይፈጃል፣ እሺ፣ ጣሉት። ወረቀቱን ግን አትንኩ። ማን ጊታር እንደመታ፣ ማን እንዳቀናበረ፣ የት እንደተቀዳ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ዘፈኑ ስልካችሁ ላይ ይገኝ ይሆናል፤ ይሄ መረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ የወጣውን ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ አልበም እዩት። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስና በሌሎች አሳታሚዎች የወጡ ዘፈኖችን ዳግም ያሳተመ ነው። ግማሽ ዋጋው ያለው ከሲዲው ጋር በምትመጣው፣ ፎቶና ታሪክ በያዘችው ትንሽ መጽሔት ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ስስ የፕላስቲክ ኪስ ግዙና ሲዲውን፣ መጽሔቷንና የጀርባ ወረቀቱን አንድ ላይ ክተቱ። (30 ሴንቲ ሜትር የነበረ የሸክላ ሽፋን ለሲዲ ተብሎ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ጽሑፉ ዓይን ያጠፋል። እሱን ምንም አታደርጉትም።)

የተቀደደ ሽፋን ላይ ፕላስተር መለጠፍም አለ። ኧረ ተዉ! በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ይወጣል፤ ልላጠው ስትሉ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ቅዱን እንዳለ ትታችሁ ጥርት ያለ ኪስ አልብሱት።

ኪሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይገዛም። ለስለስ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚመታ ከሆነ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም። ሸክላው ላይ ታጥቦ የማይለቅ ጉም የመሰለ እድፍ ሊተው ይችላል። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኢትሊን ከሚባሉት ፕላስቲኮች የተሠራ ይሻላል። ፋብሪካው የጠቀለለበትን ላስቲክም አውልቁት፤ እያደር ሲሸበሸብ ሽፋኑን ያጎብጠዋል።

ሸክላን አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩ፣ አቁሙት። መደርደሪያውን ደግሞ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት። በክረምት ግድግዳ እርጥበት ሲይዝ ካርቶን ሻጋታ ያወጣል።

የመጨረሻው ስህተት የገንዘብ ቦርሳችሁን የሚጎዳ ነው፦ ሽፋኑን አይቶ መክፈል። በተለይ አሮጌ ሸክላ ሲሆን ሽፋኑ የአንድ፣ ውስጡ የሌላ ሆኖ ይገኛል። ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል። እዚያው አውጡት። መሃሉ ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት አንብቡና የአሳታሚውን ስምና ቁጥሩን ከሽፋኑ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ በሸክላው ዋጋ ብቻ ተከራከሩ፤ ሽፋኑን «ምርቃት ነው» ቢሏችሁ ተቀበሉ።